የብብት ነገር

ሰውየውን ቆዳ ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም “ካፖርት” ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ገና በተቀጠረ ሰሞን፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሸሚዙን ያወለቀ ዕለት ነው። አንዱ ቀልደኛ ከላይ እስከ ታች አየውና “ኧረ ካፖርትህንም አውልቅ እንጂ፣ በዚህ ሙቀት!” አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነትም የሰውየው ፀጉር ጉድ ነው፤ ከደረቱ ተነሥቶ፣ ትከሻውን ዞሮ፣ ጀርባውን አልብሶ፣ ወገቡ ላይ እንኳ መቆሚያ አላገኘም። እሱም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? ከዚያ ወዲህ ግን ልብሱን የሚቀይረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው።

ዕድል ስትቀልድ ደግሞ የደረሰው ሥራ ፀጉር ማራገፍ ሆነ። ጥሬው ቆዳ ከነፀጉሩ፣ ከነጭቃው፣ ከነደሙ ይመጣል። እነ ካፖርት ያጥቡትና ኖራና ኬሚካል ተበጥብጦ የተሞላበት ገንዳ ውስጥ ይነክሩታል። ለበጉ ቆዳ ደግሞ ያው ነገር እንደ ሊጥ ወፍሮ በብሩሽ ይቀባል። ያ ነገር ፀጉር ይበላል። ጊዜው ሲደርስ ፀጉሩ በእጅ ዳበስ ሲያደርጉት እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይነሣል፤ ከሥሩ ለስላሳ፣ ነጭ ቆዳ ብቅ ይላል፤ ያ የሞተ ከብት ሽታም ከፀጉሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። “ካፖርት፣ ገንዳው ውስጥ እንዳትወድቅ፣ ጫማ ሆነህ ነው የምትወጣው!” ይሉታል። ይሳቁ። እሱ በሥራው ቀልድ አያውቅም። አዲስ ገቢ በመጣ ቁጥር የጎማ ጓንቱን እስከ ክንዱ ስቦ የሚያለብሰው፣ “ይሄ ነገር የበሬና የሰው ቆዳ አይለይም፤ ሁለቱንም ነው የሚበላው” እያለ የሚቆጣው እሱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልፈረደበት።

ሽታውንስ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ቆዳ ፋብሪካ አጠገብ በአውቶቡስ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ መስኮት ይዘጋል። ካፖርት ደግሞ መስኮት የሚዘጋበት ቦታ አልነበረውም፤ ውስጡ ነው የሚውለው። ቆሻሻ ሰው ግን እንዳይመስላችሁ። ከሥራ ሲወጣ የፋብሪካው ቧንቧ ሥር ቆሞ ቆዳው እስኪቀላ ይታጠባል፣ ቤቱም ገብቶ ይደግማል። ሳሙና የሚፈጀው እንደ አንድ ቤተሰብ ነው። ሚስቱ በቀልድ ታልፈዋለች፤ “የኔ አፍንጫ እንደሆነ ካንተ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል” ትላለች። እንዲህ እየተሳሳቁ ልጅ አሳደጉ፣ ልጅቷም አድጋ አገባች፣ አግብታም ወለደች።

የልጅ ልጁ መጣ ማለት ለካፖርት ሌላ ዓለም ነው። ወንድ ልጅ ነው፤ ጉንጩ የተነፋ፣ ባገኘው ነገር ሁሉ ላይ እጁን የሚጨብጥ። ልጅቷ በእረፍት ቀን ይዛው ትመጣለች፤ ካፖርትም ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በር በር ያያል። ክንዱ ላይ አድርጎ ክፍሉን እየዞረ “ማሙሽ፣ ይሄ መስኮት ነው፤ ይሄ ደግሞ አያትህ የሰቀላት መደርደሪያ ናት፤ ጠማማ ናት፣ ለሰው እንዳትናገር” ይለዋል። ሚስቱ “ልጁ ገና አንገቱ አልጠናም፣ አንተ ቤት ታስጎበኘዋለህ” እያለች ትስቅበታለች።

አንድ የእረፍት ቀን ታዲያ እናትና ልጅ መኝታ ክፍል ሆነው ሕፃኑን ሲያለባብሱ፣ ካፖርት እንደ ልማዱ ሊያቅፈው እጁን ታጥቦ መጣ። በሩ ገርበብ ብሏል። የልጅቷን ድምፅ ሰማ።

“ምን ላድርግ እማዬ? አባዬ ባቀፈው ቁጥር ቤት ስደርስ ልብሱን፣ ፎጣውን፣ ራሱን ልጁንም ነው የማጥበው። ባለፈው ባሌ ገና በር ላይ ሕፃኑን ሲቀበለኝ ‘አባትሽ ቤት ነበራችሁ እንዴ?’ አለኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት።”

“ቀስ በይ፣ ይሰማሻል!” አለች እናት።

“ለሱ እንዴት ይነገራል? አንቺ ይሄን ሁሉ ዘመን አልነገርሽው፤ እኔማ ከየት አመጣዋለሁ አፉን?”

ካፖርት ኮሪደሩ ላይ እጁ ውኃ እያንጠባጠበ ቀረ። ሰው ቢሰድበው ያውቅበታል፤ ፋብሪካ ውስጥ ስድብ እንደ ሰላምታ ነው። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ልጁ ስለ እሱ አፍራ፣ ለእሱም አዝና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገረው ነገር ነው። ወደ ኋላ ጥቂት ተመልሶ ጮክ ብሎ ሳለና ገባ።

ልጅቷ ብድግ አለች። “እንካ አባዬ፣ ሲጠብቅህ ነበር” ብላ ሕፃኑን ዘረጋችለት።

“እጄ እርጥብ ነው፣ ይበርደዋል” አላት።

ቀና ብሎም ፊቷን አየ። ባያየው ይሻለው ነበር። ልጅቷ ትንፋሿን ለቀቅ አደረገች፣ ትከሻዋ ወረደ፣ ሕፃኑንም መልሳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ “ጉንፋን ይዞኛል” አለ። ከዚያ ቀጥሎ “ወገቤን” አለ። ሚስቱ በጎን አየችው እንጂ አልተናገረችም። እሱም የሆዱን በሆዱ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሕፃኑን ከሩቅ በጣቱ ያጫውታል። የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ያን ልጅ ማቀፍ፣ ካቀፈውም በኋላ ማንም ልጁን እንዳያጥበው።

ነገሩን በሥራው ዓይን ነው ያየው፤ ሌላ ዓይን ከየት ያምጣ? ቆዳ የሚሸተው ፀጉሩ እስኪነሣ ነው። ፀጉሩ ከተነሣ ሽታው ይሄዳል። ስለዚህ ጥፋቱ የፀጉሩ ነው፣ በተለይ የብብቱ፤ እዚያ ላብ ይተኛል፣ እዚያ የፋብሪካው አየር ጎጆ ቀልሷል። በመስተዋት ፊት ቆሞ ክንዱን አነሣና የራሱን ብብት እንደ ጠላት ትክ ብሎ አየው። በምላጭ ሞከረ። ያ በኖራ የደነደነ እጅ ትልቅ ቆዳ ሊገለብጥ እንጂ እዚያች ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ምላጭ ሊነዳ አልተፈጠረም። ቆረጠው፣ ደማ፣ ፀጉሩም ግማሹ ቆሞ ግማሹ ተኝቶ እንደ ተጨፈጨፈ ቁጥቋጦ ሆነ።

ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን አሰናድቷል፤ “ወንድሜ፣ የብብቴን ፀጉር አንሣልኝ” ይላል፣ በቃ፣ ምን ነውር አለው? ሲገባ ግን ወንበሮቹ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸዋል፣ ሬዲዮው ኳስ ያስተላልፋል፣ ሁሉም ዞሮ አየው። ተራው ደርሶ ነጭ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታሰረ።

“ምን እናድርግልዎ ጋሼ?”

“ያው… ጢሜን” አለ።

ጢሙ ተላጨ። “ሌላስ?” “ሌላማ… ፀጉሬንም ትንሽ።” ፀጉሩም ተከረከመ። “ሌላስ ጋሼ?” አለው አስተካካዩ ጨርቁን ሳይፈታ፣ የቀረ ነገር እንዳለ ያወቀ ይመስል። ካፖርት በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላው የተደረደሩትን ፊቶች አየ። “የጆሮዬን” አለ ተሸንፎ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ “ሙሽራ መሰልክ፣ ማንን ልታገባ ነው?” አለችው። ብብቱ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ጉዱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በማግሥቱ ፋብሪካ ውስጥ ለበግ ቆዳ ያንን ወፍራም ቅባት በብሩሽ ሲቀባ ዋለ። ፀጉሩ ሲለቅ አየ፣ ቆዳው ነጥቶ ሲወጣ አየ። እጁ ቆመ። ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚያስተምረውን ያውቀዋል፤ አፉ እስኪደክም ብሎታል። ግን ኀፍረት የያዘው ሰው ከራሱ ጋር ሲከራከር መቼም አይረታም። “ለበጉ ብዙ ነው የሚቀባው፤ እኔ ትንሽ ነው። በጉ ላይ ብዙ ይቆያል፤ እኔ ወዲያው ነው የማጥበው። በውኃም አቀጥነዋለሁ” አለ። ባዶ የቅባት ዕቃ ውስጥ ትንሽ ዛቅ አድርጎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ኪሱ ከተተው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ባልቀረው የሥራ ዘመኑ ከፋብሪካው አንድ ነገር ይዞ ወጥቶ አያውቅም፤ ይዞ የወጣው ይህንን ነው።

ሚስቱ ገበያ ስትሄድ መታጠቢያ ቤት ገባና ቀባው። በአንደኛው ብብት ቢያበቃ እንኳ ደግ ነበር፤ “አንዴ ከጀመርኩ” ብሎ ሁለቱንም። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ሞቅ አለው። “እየሠራ ነው” ብሎ ደስ አለው፣ እንዴት ያለ ደስታ! ቀጥሎ የጋለ ብረት ብብቱ ሥር ገብቶ የተጣበቀ መሰለው። ቧንቧውን ከፍቶ ውኃውን በላዩ ለቀቀው፤ አሸ፣ ዘለለ፣ ፎጣውን ነክሶ አቃሰተ። ፀጉሩ እርግጥ ለቀቀ። ቆዳውም አብሮ ለቀቀ።

ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ መሐል ቤት ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ራቁት ደረቱን፣ ፊቱ እንባ በእንባ ሆኖ አገኘችው።

“አንተ ሰውዬ፣ ማን ማረከህ?” ብላ ሳቀች።

ከዚያ ብብቱን አየችና ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ።

ጤና ጣቢያ የሄዱት በታክሲ ነው። ካፖርት በታክሲው ውስጥ ክንዶቹን እንደ ዶሮ ክንፍ አንሰራፍቶ፣ ከግራና ከቀኝ የተቀመጡትን ሰዎች እያጨናነቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መጠበቂያው አግዳሚ ላይም እንዲሁ። አንዲት ሴት ለልጇ ቦታ ስትፈልግ “አባባ፣ እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉልን እስቲ” አለችው። መሰብሰብ አይችልም፤ ምክንያቱንም መናገር አይችልም። ተነሥቶ ቆመ።

ድሬሰሩ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጋረጃውን ዘጋና ክንዱን አስነሣው።

“ምን ነክቶዎት ነው?”

“ሥራ ቦታ… ተደፍቶብኝ ነው።”

“ሁለቱም ብብት ውስጥ? ሌላ ቦታ ጠብ ሳይል?”

ድሬሰሩ ጓንቱን እያጠለቀ ጠበቀው። መጨረሻ ላይ ካፖርት ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ድምፁ እንዳይወጣ እየተጠነቀቀ፣ ሁሉንም ነገረው፤ ገንዳውን፣ ቅባቱን፣ ሕፃኑን። እየነገረው የራሱን ቃል ያዳምጣል፤ እንደ ሌላ ሰው ሞኝነት ነው የሚሰማው። ይስቃል ብሎ ጠበቀ። ሰውየው አልሳቀም። ቁስሉን ለረጅም ጊዜ በውኃ አጠበው፣ ቀባው፣ በጎዝ ሸፈነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተጣለውን የካፖርትን ካናቴራ አነሣና፣ ሳይጠየፍ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

“ይሄን ፋብሪካ ይለብሱታል?”

“ከሥራ ልብሴ ሥር።”

“ወደ ቤትም በሱው ይመጣሉ? ይተኙበታልም?”

“ታጥቦ ነው እኮ የምለብሰው!”

“ታጥቦ ይሆናል፤ ጨርቁ ግን ሽታውን ጠጥቶታል፤ አይለቅም። ገላዎ ንጹሕ ነው ጋሼ፤ ንጹሑን ገላ መልሰው እዚህ ውስጥ ነው የሚከቱት። ፀጉር ላብ ይይዛል እንጂ በራሱ ቆሻሻ አይደለም። ቁስሉ ሲድን፣ ከፈለጉ በመቀስ ያሳጥሩት፣ ሲታጠቡ በደንብ ያድርቁት፤ እርጥብ ብብት ላይ ልብስ አይልበሱ። የፋብሪካው ልብስ ከውስጥም ከውጭም እዚያው ይቅር። በቃ፣ ይኸው ነው።”

ይኸው ነው! ካፖርት በዚህ ዕድሜው፣ በካናቴራ ምክንያት ራሱን እንደ በግ ቆዳ ልጦ፣ መጋረጃ ውስጥ እጁን ሰቅሎ ቆሟል። መጋረጃው ሥር የሚስቱ ጫማ ይታያል፤ እዚያው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥተው ሲሄዱ አልቀለደችም። “ካናቴራህን ያጠብኩት እኔ ነኝ” አለች ብቻ። “እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ። አፍንጫዬ ለምዶት ይሁን፣ አንተን ፈርቼ ይሁን፣ እንጃ።”

“ለልጅቷ ትነግሪያትና!” አላት። “ሥራ ቦታ ተደፋበት በያት። ምክንያቱ እሷ መሆኗን ካወቀች ይሄ ከቁስሉ ይብስብኛል። ማይልኝ።”

ማለችለት።

ልጅቷ በሰማች ጊዜ ሕፃኑን አዝላ ከነፈች። ካፖርት አልጋው ጫፍ ላይ ያለ ሸሚዝ ተቀምጧል፤ ደረቱ ላይ ልብስ ቢያርፍ ጎዙን ይጎትትበታል። አንሶላ ሊከናነብ ሞከረ፣ ክንዱ አልታዘዝ አለው። ልጁ ካደገች ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

“ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?” አለች ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ። “ያ የፋብሪካው ፎርማን ነው አይደል? ጓንት ሳይሰጣችሁ፣ ልብስ ሳያለብሳችሁ! እኔ ዝም የምል እንዳይመስልህ፤ አሁኑኑ ሄጄ በሩ ላይ ነው የምጮኸው። ባሌም ጠበቃ ያውቃል።”

“ተይ ልጄ፣ እንዲሁ አጋጣሚ ነው።”

“አጋጣሚ! ሰው ሲቃጠል አጋጣሚ! እማዬ፣ ልጁን ያዢልኝ፣ ሄጃለሁ።” ሕፃኑን አውርዳ ለእናትዋ ሰጠችና ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።

ካፖርት ሚስቱን አየ። ሚስቱ ግድግዳውን አየች፤ ምላለች። ፎርማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጓንት በየጊዜው ያድላል፣ ካፖርትንም በሥራው ምሳሌ አድርጎ የሚጠራ ሰው ነው። ልጅቷ ደግሞ እንደ አባቷ ናት፤ ከተነሣች አትመለስም።

“ፎርማኑ የለበትም” አላት በሩ ጋ ስትደርስ። “እኔ ነኝ የቀባሁት።”

“ምን?”

“ራሴ ነኝ። ይዤው መጥቼ፣ እዚህ መታጠቢያ ቤት።”

“ምን ሆነህ ነው ራስህን የምትቀባው? አንተ! ያን ሁሉ ሰው ስታስጠነቅቅ የኖርክ!”

ያለው መልስ ልጅቷ ጆሮ መግባት የሌለበት ነው። ሌላ ውሸት ፈለገ፣ አላገኘም። አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑ ግን፣ ሳያስበው፣ በሚስቱ እቅፍ ውስጥ ወዳለው ሕፃን ሄደ። ቶሎ መለሰው። ረፍዷል፣ ልጅቷ አይታዋለች።

ሕፃኑን አየች። የአባቷን ሁለት ብብት አየች። “እጄ እርጥብ ነው” ያለበትን ቀን፣ ጉንፋኑን፣ ወገቡን፣ እዚያው ቆማ አንድ በአንድ ስታገኛቸው በፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ደሟ ከፊቷ ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣና እስከ አንገቷ አቀላት።

“ሰምተኸኛል” አለች።

“ምንም አልሰማሁም።”

“አባዬ።”

“አልሰማሁም አልኩሽ እኮ!”

ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ወለሉ ላይ እግሩ ሥር ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አባት እንባዋን ሊጠርግ እጁን ዘረጋ፤ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ያዘውና ቀረ። ሁለቱም አፍረው አንዱ የሌላውን ፊት ማየት አቃተው። ካፖርት በሕይወቱ ብዙ አፍሯል፤ የዚህን ያህል ከብዶት ግን አያውቅም፤ የራሱን ተሸክሞ ሳይጨርስ የልጅቷ ተጨመረበት።

ሚስቱ ነገሩ አልጥም ሲላት ሕፃኑን ይዛ አልጋው ላይ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። ሕፃኑ ኀፍረት የሚባል ነገር አያውቅም። አያቱን ሲያይ እግሩን አወራጨ፣ ወደ እሱ ተስቦ፣ እጁን ልኮ፣ ያን ካፖርት የሚባለውን የደረት ፀጉር በትንሽ ጣቱ ጨብጦ ያዘ። ጎተተም። ጎዙ ከቁስሉ ጋር ተንቀሳቀሰ፤ ካፖርት ጥርሱን ነከሰ።

ልጅቷ ደንግጣ ተነሣችና የልጇን ጣት ልታስለቅቅ ጎንበስ አለች። “አንተ ልጅ፣ ልቀቅ! ያመዋል!”

“ተይው” አላት አባቷ። “ይያዘኝ።”